ካይቱን የያዘላት ሰው

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን ያቃተው አይመን፣ አልጣላውም። እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ "ሰውዬውን ፀሐይ መትታዋለች" ብዬ አልፈው ነበር።

በጨለማ አይደለም የሆነው። በጠራራ ፀሐይ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ነው የጀመረው።

ቦታው ሂቲራ ናት፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ካሉት የቱዋሞቱ ደሴቶች አንዷ። ሰው አይኖርባትም። በዓመት ሁለቴ ኮኮናት ለማድረቅ ከሚመጡት በቀር የሚረግጣት የለም። መሃሏ ረጋ ያለ ባሕር ነው፣ ዙሪያውን ቁርጥራጭ መሬትና የኮኮናት ዛፍ ከቦታል። መግቢያና መውጫዋ አንድ ጠባብ በር ብቻ።

ቴፓኖ እባላለሁ። የእንግዶች ጀልባ ካፒቴን ነበርኩ። ባለቤቴ ቫይሚቲ አብራኝ ትሠራለች፤ ሸራውና መልህቁ የእኔ፣ ምግቡና ካይቱ የእሷ። ካይት የምላችሁ ያ ነፋስ የሚወጥረው ትልቅ ጨርቅ ነው፤ ሰውን ሰሌዳ ላይ አቁሞ ባሕሩን ያስጋልበዋል። እንግዶች ከፈረንሳይ ድረስ የሚመጡት ለእሱ ነው። በእኛ አካባቢ ከእሷ የተሻለ ጋላቢ አልነበረም። ይህን የምለው ባሏ ስለሆንኩ አይደለም። እሺ... ትንሽ ስለሆንኩም ነው።

ሌላም ነገር ልናዘዝ። ቀናተኛ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀንቻለሁ። እሷም ታውቃለች፣ ትስቅብኛለች። "አንተ እኮ ዓሣ ቢያየኝም ትቀናለህ" ትለኛለች።

በዚያ ሳምንት የነበሩን እንግዶች ሁለት ብቻ ናቸው። ሙሴ ፌርናን የሚባሉ (ፈረንሳዮች አቶን 'ሙሴ' ይላሉ) ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪምና ባለቤታቸው ማዳም ኦዲል። ጥሬ ዓሣ በኮኮናት ወተት በልተው ማዳም እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ነፋሱ ጥሩ ነበር።

ቫይሚቲ አላስቻላትም። "አንድ ዙር ብዬ ልምጣ" አለች።

ሙሴ ፌርናን ከጀልባው ኋላ ቆመው ካይቱን ያዙላት፣ ተነሳች፣ ሄደች። እኔ እንደ ልማዴ የሩቅ ማያ መነጽሬን አንስቼ ተከተልኳት። ልጠብቃት ነው... ወይም ልሰልላት። ሁለቱም ለእኔ አንድ ናቸው።

ከበሩ አጠገብ ወዳለችው ቁራጭ መሬት ስትደርስ ዛፎቹ ነፋሱን ጋረዱባት። ካይቱ ወደቀ። አሸዋው ላይ እየጎተተች ከዛፎቹ ጀርባ ስትገባ አየኋት። አልደነገጥኩም። ከጀልባዬ ኋላ የታሰረችውን ትንሿን ባለሞተር ጀልባ ፈትቼ ላመጣት ተነሳሁ።

ገመዱን ሳልፈታ...

ካይቱ ተነሳ።

እጄ ገመዱ ላይ ደርቆ ቀረ።

ካይት ለብቻ አይነሳማ! አንድ ሰው ጫፉን ይዞ ይቆማል፤ ጋላቢው ርቆ ገመዶቹን ይወጥርና አውራ ጣቱን ያሳያል፤ ያኔ ያኛው ይለቃል። ለብቻቸው የሚያስነሱ ደፋሮች አሉ። ቫይሚቲም አንዴ ሞክራ ኮራል በሚባለው ስለታም የባሕር ድንጋይ ላይ ተጎትታ አገጯ ሰባት ቦታ ተሰፍቷል። ከዚያ ወዲህ "ሁለተኛ ለብቻዬ ባስነሳ እናቴ ትሙት" ብላ ምላለች። እናቷ በሕይወት አሉ፣ በጣም ነው የምትወዳቸው።

ታዲያ ማን ያዘላት?

መጀመሪያ የመጣብኝ ፓሪ ነው። ፓሪ የጎረቤት ደሴት ሰው ነው፣ ኮኮናት ቆራጭ፤ ከእኔ በፊት ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ የነበረ። ደሜ ፈላ። መነጽሬን አንስቼ የባሕሩን ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሽኩ።

ጀልባ የለም። ጭስ የለም። የደረቀ ኮኮናት ክምር የለም።

እየጋለበች መጣች። ፊቷ በደስታ ያበራል። ያ ደስታዋ ይበልጥ አቃጠለኝ። እንግዶቹ እንዳይሰሙ ጠጋ ብዬ...

"ካይቱን ማን ያዘልሽ?" አልኳት።

ሳቀች። "አንተ ነሃ።"

"ቫይሚቲ... ቀልድ አልፈልግም።"

"እኔስ መች ቀለድኩ? አንተ አይደለህ እንዴ የያዝክልኝ?"

"እኔ ከዚህ ጀልባ አልወረድኩም።"

"አታድርቀኝ ቴፓኖ" አለችና ከወገቧ ማሰሪያ ሥር አንድ ነገር መዘዘች። "ይልቅ እንካ፣ ረስተኸው መጣህ።"

ባርኔጣዬ ነበር። እናቷ ከቅጠል የሠሩልኝ፣ ግራ ጠርዙን አይጥ በልቶት እሷ ራሷ በሰማያዊ ክር የጠቀመችው።

እጄን ወደ ጭንቅላቴ ሰደድኩ።

ባርኔጣዬ ጭንቅላቴ ላይ ነበር።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያዝናቸው። ያው የአይጥ ንክሻ... ያው ሰማያዊ ክር... ክሩ የተቋጠረበት ቦታ እንኳ ያው። ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ። ሄዳ የትንሿን ጀልባ ሞተር በእጇ ዳሰሰች። ቀዝቃዛ ነው። ጠዋት ያሰጣችው ፎጣ ሳይነካ ተሰጥቶበታል።

ሙሴ ፌርናንን ጠየቀቻቸው። ካፒቴኑ ከዓይናቸው እንዳልጠፋ፣ መነጽሩን ይዞ እንደ ሐውልት ተገትሮ እንደነበር እየሳቁ ነገሯት።

ወደ እኔ ተመለሰች። በሹክሹክታ...

"አንድ ነገር ጠይቀኸኝ ነበር... እዚያ።"

"ምን?"

"በጣትህ ወደዚህ እያሳየህ፣ 'ጀልባዬ ላይ የቆመው ሰው ማነው?' አልከኝ።"

ዞሬ ቁራጯን መሬት አየሁ።

"ምን ብለሽ መለስሽ?"

"ሙሴው መስለውኝ... 'እንግዳችን ነው' አልኩህ።"

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሚስቴ ሌላ ሰው ሆነች። አትጠጋኝም። ሳህን ስታቀብለኝ ጣቴን እንዳትነካ ትጠነቀቃለች። ሳልናገር ታየኛለች፣ ሳያት ዓይኗን ትሰብራለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ ነበርኩ እሷን የምጠረጥር። አሁን ተጠርጣሪው እኔ ሆንኩ... ለካ እንዲህ ያማል።

ያን ጊዜውኑ መልህቅ አንስቼ ውልቅ ማለት ነበረብኝ። ግን በሩ እንደ ልብ አይወጣበትም። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል በዚያ ጠባብ በር ውኃው እንደ ወንዝ ይጎርፋል፤ የሚረጋው በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ያውም ለግማሽ ሰዓት። እስከዚያ መታገሥ ነው።

እራት ላይ እንግዶቹ እያሉ፣ ጨዋታ አስመስላ ጠየቀችኝ።

"እኔን ለማግባት አባቴን ልትጠይቅ የመጣህ ዕለት ምን ይዘህ ነበር?"

ገባኝ። እየፈተነችኝ ነው። ቢሆንም መለስኩ። አንድ ካርቶን የቆርቆሮ ሥጋ ይዤ እንደሄድኩ፣ አባቷም "ልጄን በቆርቆሮ ልትለውጣት ነው?" እንዳሉኝ ተናገርኩ። ሙሴና ማዳም በሳቅ ፈረሱ።

እሷ አልሳቀችም። ሳህን ለማንሳት ጎንበስ ስትል ጆሮዬ ሥር...

"እዚያም ይህንኑ አውርተህ አስቀኸኝ ነበር" አለችኝ።

ባዶው ክፍል ገብታ ተኛች። መቀርቀሪያው ሲዘጋ ሰማሁት።

ጠዋት ቀድማኝ ተነስታለች። ለእንግዶቹ ቂጣ ጠብሳ፣ ቡናቸውን አቅርባ፣ የካይቷን ጠርዝ በፓምፕ አየር ስትሞላ አገኘኋት። ክንዷን ያዝኳት። ደንግጣ መነጨቀችኝ።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"አንድ ጊዜ ብቻ ልየው።"

"አብደሻል? ከአንድ ሰዓት በኋላ እንወጣለን እኮ።"

"ለዚያ ነዋ" አለች። "ከማን ጋር እንደምወጣ ሳላውቅ አልወጣም። እሱን እዚያ፣ አንተን እዚህ... ሁለታችሁንም በአንድ ጊዜ ማየት አለብኝ።"

"እኔ ነኝ እኮ ቫይሚቲ። እኔ።"

አገጯ ላይ ያለው ጠባሳ ነጭ ሆኗል። ስትፈራ ነጭ ይሆናል።

"እሱም እንደዚያ ቢለኝስ?"

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ልለምናት ስል ሙሴ ፌርናን ምንም ሳያውቁ ካይቱን አንስተው ያዙላት። አውራ ጣቷን አሳየቻቸው። ለቀቁት። አመለጠችኝ።

መነጽሬን ያዝኩ።

አሸዋው ላይ ስትደርስ ከዛፎቹ መሃል ሰው ወጣ። አልሮጠም፣ አልቸኮለም። የእኔ ሸሚዝ... የእኔ አካሄድ። ግራ እግሬን ትንሽ እጎትታለሁ፤ እሱም ይጎትታል። ካይቱን ከአየር ላይ እንደ ባለሙያ ተቀበለላት።

ሚስቴ ፊት ለፊቱ ቆመች። እሱን ታያለች... ዞራ ጀልባውን ታያለች... ደግሞ እሱን። እንድትለየኝ ብዬ ሁለት እጄን አውለበለብኩ። እንደ ሕፃን "እኔ ነኝ!" እያልኩ ጮህኩ።

ሰውየው እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገና ተያይዘው ወደ ዛፎቹ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በደንብ አላስታውስም። ትንሿ ጀልባ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ በረርኩ። አሸዋው ላይ ስደርስ ሳላስራት ወርጄ ሮጥኩ። ካፒቴን ሆኜ ጀልባ ሳላስር ስወርድ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ካይቱ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ነፋስ እንዳይወስደው አሸዋ ተጭኖበታል። ሰሌዳዋ አጠገቡ አለ። የወገብ ማሰሪያዋ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

እሷ የለችም።

"ቫይሚቲ!"

ዛፎቹ መሃል ገባሁ። ቁራጯ መሬት እኮ ትንሽ ናት፣ ከዳር እስከ ዳር መቶ እርምጃ አትሞላም። በዚያኛው ጫፍ ወጣሁ። ባሕር ብቻ። ተመለስኩ፣ ደግሜ ፈለግሁ። ከእያንዳንዱ ዛፍ ሥር፣ ከእያንዳንዱ ድንጋይ ጀርባ። እያለቀስኩ ነበር፣ ምን አፍራለሁ።

ከዛፎቹ ስወጣ ትንሿ ጀልባ ከአሸዋው ተላቃ ውኃው ወደ በሩ ይዟት እየሄደ ነው። ልዋኝ ውኃው ውስጥ ገባሁ... ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማሁት።

የሰንሰለት ድምፅ።

በዚያ ባሕር ላይ ሰንሰለት ያለው ጀልባ የእኔ ብቻ ነው። መልህቁ እየተነሳ ነው። ሙሴ ፌርናን መልህቅ ማንሳት ይቅርና ሞተር ማስነሳት አያውቁም።

መነጽሬ አንገቴ ላይ ነበር። አነሳሁት።

ማዳም ኦዲል ቡናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሙሴ ፌርናን ቆመው እየሳቁ ከካፒቴኑ ጋር ይጫወታሉ።

ካፒቴኑ መሪውን ይዟል።

አጠገቡ ቫይሚቲ ቆማለች። ልብሷ ደረቅ ነው። ጸጉሯን ጎንጉናለች። ካይቷ እዚህ እግሬ ሥር ተኝቶ፣ ሳትዋኝ፣ በምን እንደተሻገረች ዛሬም አላውቅም። እጇን ዘርግታ ጉንጩን ስትዳስስ አየኋት... ግንባሩን... ከንፈሩን። አሥሬ ዳሰሰችው። ከዚያ ደረቱ ላይ ተለጥፋ አቀፈችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደዚያ አድርጋ አቅፋኝ አታውቅም።

ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የእናቷን ስም እየጠራሁ ጮህኩ።

ሰማችኝ መሰለኝ። ጀልባው ወደ በሩ ሲታጠፍ፣ ከሰውየው ደረት ላይ ቀና ብላ ወደ ቁራጯ መሬት ዞረች። ወደ እኔ። በቀጥታ አየችኝ።

አገጯ ላይ ያለው ጠባሳ ነጭ ነበር።

እኔን እያየች... አማተበች።