ሁሉም ቧንቧ ሲዘጋ

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ይቺን ጎርፍ ጠይቂያት!» አለች አክስቷ፣ ጣቷን ልጅቷ አፍንጫ ሥር ቀስራ።

የውሃ ቆጣሪ ሠራተኛዋ ከቆጣሪው ጉድጓድ ላይ ያነሳችውን ዝገት የበላው ቆርቆሮ ይዛ ቆማለች። ከሦስት ሳምንት በፊት አሮጌውን የውሃ ቆጣሪ ነቅላ አዲሱን የገጠመችው እሷው ነበረች። «ይሄ ሽቦ የለውም፤ ቁጥሩን በአየር ነው ቢሯችን ድረስ የሚልከው። ብረት ነገር እንዳትጭኑበት፣ ይታፈናል» ብላ አስጠንቅቃ ነበር። ገና ከግቢው ሳትርቅ አክስቷ «የቤቴን ወሬ በአየር የሚበትን ሰላይ አላሳድርም» ብላ ቆርቆሮውን ራሷ ጎትታ አመጣች። ድንጋዩንም ራሷ ጫነችበት። ልጅቷ ቆማ አይታለች። ተከራዩ ጡረተኛ ሾፌርም አይተዋል፤ አሁን ግን ጋዜጣቸውን ፊታቸው ላይ ዘርግተው የሌሉ መስለዋል።

ልጅቷ በዚህ ግቢ መልስ መስጠት ውሃ ወቀጣ መሆኑን ካወቀች አራት ዓመቷ ነው። አስራ አንድ ዓመቷ ላይ፣ እዚህ ቤት በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ ቧንቧ ሳትዘጋ ትምህርት ቤት ሄደች። ስትመለስ የአክስቷ ጫማ በረንዳው ሥር ይንሳፈፋል። አንድ ቀን ነው፤ ያ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ግን ስሟ ጠፋ፣ «ጎርፍ» ሆነች። የውሃ ነገር በተነሳ ቁጥር ወንጀለኛ ፍለጋ የሚወጣ የለም፤ እሷ አለችና።

ፍርዱም ያው የታወቀ ነው፦ በቀን አንድ ጀሪካን። ለፊቷም፣ ለፀጉሯም፣ ለዩኒፎርሟም። የአክስቷ ልጅ ጓሮ ካለው ሻወር ሦስት ዘፈን ዘፍኖ ሲወጣ «ጤና ይስጥህ» ይባላል። እሷ ግን አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ወንበሯን ስትስብ አየች። ያን ቀን እስከ ዛሬ ሆዷ ውስጥ ይዛዋለች።

ባለፈው ወር ደግሞ አክስቷ የመጨረሻውን ተናገረች። «የሚቀጥለው የቆጣሪ ንባብ ካልወረደ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ እናትሽ!» እናቷ ሰው ቤት ተቀጥራ የምታድረው በአንዲት የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ለሁለት የሚበቃ አልጋ የለም፣ በቅርብ ትምህርት ቤትም የለም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።

«እሺ ማዘር፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሁለተኛ እንዳይደፈን» አለች ሠራተኛዋ።

«ማዘርሽ ቤትሽ ናት!»

ሠራተኛዋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። የቆጣሪውን ክዳን ስትከፍት ብርሃን ያገኘው ትንሽ መስታወት በቁጥር ሞላ። «ነይ እስቲ እህቴ፣ ያንቺ ዓይን ይሻላል። ምን ይላል?»

ልጅቷ ጎንበስ አለች። «አስራ ስድስት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ሁለት።»

«አስራ ስድስት ሺህ!» አክስቷ ራሷን ያዘች። «ቤቴን ጠጥታችሁ ጨረሳችሁት!»

«ቆይ፣ ነጥቧን እያት» አለች ሠራተኛዋ ለልጅቷ ብቻ። «ከነጥቡ ግራ ያለው አስራ ስድስት ሜትር ኪዩብ ነው። አንዱ ማለት ሃምሳ ጀሪካን። ቀኝ ያሉት ሦስቱ ሊትር ናቸው።»

ልጅቷ በልቧ አባዛች። ስምንት መቶ ጀሪካን። በሦስት ሳምንት። ሳታስበው አፏ ተከፈተ፦ «ከስምንት መቶው የኔ ሃያ አንዱ ነው።»

«የምትሰርቂውንስ ማን ቆጠረው?» አለች አክስቷ።

«ይህችስ?» ልጅቷ ፈጥና ጣቷን መስታወቱ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል የቧንቧ ሥዕል ላይ አደረገች።

«ጎበዝ። እሷ ከታየች ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ውሃው ለአፍታም አልቆመም ማለት ነው። የሆነ ቦታ ይፈስሳል። ሁሉን ቧንቧ ዝጉና የመጨረሻዋን ቁጥር ጠብቋት። ከሄደች፣ ወዴት እንደምትሄድ መፈለግ የናንተ ፋንታ ነው።»

«ይኸው! ሌት ተቀን የምታፈሰው ጎርፍ አይደለች እንዴ?» አለች አክስቷ። ሠራተኛዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

እሁድ ረፋድ ላይ አክስቷና ልጇ ዘመድ ጥየቃ ሄዱ። ልጅቷ የግቢውን ቧንቧ፣ የወጥ ቤቱን፣ የሻወሩን ጠርቅማ ዘጋች። የሾፌሩን በር አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ውሃ ከፍተዋል?»

«እኔ ውሃ የነካሁት በሕልሜ ነው። ደሞ ምን ልታመጪብን ነው? እኔን ከነገራችሁ አውጡኝ» አሉና በሩን መለሱት።

ጉድጓዱ አፍ ላይ በእንብርክኳ ተቀመጠች። የመጨረሻዋ ቁጥር አራት ነበረች። አየቻት፤ አየቻት። አምስት ሆነች። ውሃ ጠማት፤ አንድ ጭልፋ ብትቀዳ ራሷ ሌባ የምትሆን መሰላትና ተወችው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ስድስት ሊትር ሄደ፤ ማንም ሳይነካው። ደብተሯ ላይ አሰላችው። በቀን ሃያ አንድ ጀሪካን ከምናምን። እሷ በሦስት ሳምንት የምትጠቀመውን ያ ነገር በአንድ ቀን ይጠጣዋል።

ግድግዳ ግድግዳውን ጆሮዋን እየለጠፈች ዞረች። ለእንግዳ ብቻ የተሠራው ሽንት ቤት በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ሽ... ሽ... ሽ... ይላል፣ ሰው ዝም ሲያሰኝ እንደሚለው። ከቤቱ ሁሉ ሴራሚክ የለበሰው እሱ ብቻ ነው። ቁልፉ ከአክስቷ አንገት አይወርድም። እንግዳ ገብቶበት የሚያውቀው ሁለቴ ቢሆን ነው። የተሠራው መቼ ነበር? አሰበች። እሷ በመጣችበት ዓመት።

ከሰዓት በኋላ፣ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ተናገረች። «እትዬ፣ ውሃው የሚፈስሰው የእንግዳ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው። አንዴ ይክፈቱትና ይዩት።»

አክስቷ እጇን ደረቷ ላይ፣ ቁልፉ ላይ አደረገች። ልጅቷም ያኔ ገባት፦ አክስቷ ድሮም ታውቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

«የሰው በር ላይ ጆሮሽን ትለጥፊያለሽ?» አለች አክስቷ። «ላም ባልዋለበት ኩበት! የኔን ንጹሕ ቤት ልታረክሺ! ዓርብ ሻንጣሽን አስሪ፣ ንባብም አልጠብቅ!»

«እሰይ፣ ጀሪካኑን ለኔ ትተዪልኛለሽ» አለ ልጇ እየሳቀ።

ሰኞ ጠዋት አክስቷ ልብስ አጠባ ላይ ነበረች፣ ልጇም ሻወር ውስጥ ይዘፍናል። ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። የግቢውን በር ግን አልከፈተችም። ጉድጓዱ ጋ ሄደች፣ ዋናውን መዝጊያ አልንቀሳቀስ እስኪላት ድረስ አጠበቀችው፣ የጉድጓዱን ክዳን ከደነችና ላዩ ላይ ቁጭ አለች።

መጀመሪያ ዘፈኑ ቆመ። «እማ! ዓይኔ ውስጥ ሳሙና አለ! ውሃ!»

ቀጥሎ አክስቷ መጣች፣ አረፋ እስከ ክርኗ። «ምን አደረግሽ አንቺ? ክፈቺው!»

«እርስዎ ያንን በር ይክፈቱ፤ እኔም ይሄን እከፍታለሁ።»

አክስቷ እጇን አነሳች። አረፋው ልጅቷ ጉንጭ ላይ ተፈናጠቀ፤ እጁ ግን አልወረደም። ልጅቷ ጉንጯንም አልጠረገች። ሾፌሩ በመስኮት አይተው መጋረጃቸውን ሳቡ። ከሩቅ የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ። በሌላ ቀን ቢሆን ትሮጥ ነበር።

«ትምህርትሽ አይቅርብሽ» አለች አክስቷ፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ። «ሂጂ። ስትመለሺ እናያለን።»

«አሁን እንየው።»

«እማ!» ሻወሩ ውስጥ ያለው ጮኸ።

አክስቷ የቁልፉን ክር ከአንገቷ አውልቃ ቁልፉን ልጅቷ እግር ሥር ወረወረችው። «እንኪ! ራስሽ ክፈቺው!»

ልጅቷ ቁልፉን አየችው፤ አላነሳችውም።

«እኔ ከከፈትኩት ነገ እኔ ሰበርኩት ይባላል» አለች። «እርስዎ ይክፈቱት። እኔ ከዚህ አያለሁ።»

በሩ እስኪከፈት ለፈተናዋ ልታጠና፣ ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።