የተተኛበት ጓሳ

የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ደርቤ ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው ውስጥ፣ ጠረጴዛቸው ላይ በተዘረጋ የሠራተኞች የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ላይ እንደ ተደፉ ሞተው ተገኙ። እግራቸው ሥር አመድ የሆነ ከሰል፣ ከጀርባቸው መስታወቱ የረገፈ መስኮት ነበር፤ ቀዳዳው ከውጭ በሣር ተወትፏል። የደባርቅ ብርድ አይቻልምና እሑድ ቢሮ ሲገቡ ከሰሉን ያስነደዱት ራሳቸው ናቸው። ያቀጣጠለችላቸው ጸሐፊያቸው ሕሊና ስለሆነች ፖሊስ መጀመሪያ የያዘው እሷን ነው።

የከብት ክትባት ሠራተኛው ቢራራ ሣሩን ሲያይ ወዲያው አወቀው። ጓሳ ነው። ጓሳ ደግሞ የሚበቅለው እሱ ስምንት ዓመት ከብት ሲከትብ በኖረበት በአምባራስ ውርጭ እንጂ ደባርቅ አይደለም። ሚስቱ ዳባት ናት፤ ልጁ እሱን ስታይ እንደ እንግዳ ትሸሸዋለች። ዝውውር ሊለምን የወረደው ደግሞ እሑድ ዕለት ነው። የት ይግባ?

«ይህን ሣር ታውቀዋለህ?» አለችው ኢንስፔክተር አገርነሽ። ዝግ ያለው ድምፅዋ ከጩኸት ይልቅ ያስፈራል።

«ሣር… ሣር ነው፣ የኔ እመቤት።»

መዋሸቱ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። እሷ ግን ሣሩን በጣቶቿ መካከል አሸችው። ከዚያ ወደ ሰው ሀብት ኃላፊው ወደ ምሥጋናው ዞረች።

«የሠራተኛውን የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ከሠራተኛ ግን ውሃ እንኳ ተቀብዬ አልጠጣም። ይልቅ ልጅቷ ዕድገት ተከለከልኩ ስትል ነው የከረመችው።»

ያልተጠየቀውን መለሰ። ኢንስፔክተሯ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ አለፈችው።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው በሙሉ ግምገማ በሚቀመጥበት አዳራሽ ተሰበሰበ። ሕሊና በፖሊስ ታጅባ ከፊት ተቀምጣለች።

«ቀዳዳው ክፍት ቢሆን ከሰሉ ባልገደላቸው» ብላ ጀመረች አገርነሽ። «ገዳዩ ቀዳዳውን የወተፈው ነው። በጓሳ ወተፈው። ትናንት ከአምባራስ የወረደው ቢራራ ነው።»

ሁሉም ዞሮ አየው።

«ነገር ግን ከአምባራስ ትናንት የመጣ ጓሳ እንዲህ አይጨፈለቅም። የጨርቅ ብናኝም አይዝም። ይህ ከፍራሽ የወጣ ነው፤ ሰው ብዙ ተኝቶበታል። የጓሳ ፍራሽ ያለው ማነው?»

ሠራተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

«የሚነግረኝ ካጣሁ በእጄ ያለችው ሕሊና ናት።»

ከመሞት መሰንበት፣ አለ ቢራራ በልቡ። ከተናገረ ዝውውሩም እንጀራውም አበቃ። የሕሊና ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ግን ማየት አልቻለም። በጣም እየፈራ ተነሣ።

«አምና ለፍራሽ እንዲሆናቸው በበቅሎ ጭኜ ለአቶ ምሥጋናው ያመጣሁላቸው ነው። ነጥብ እንዲያሳምሩልኝ።»

«ውሸት ነው» አለ ምሥጋናው።

«ቤትዎን እናየዋለን» አለች አገርነሽ፤ ፖሊስም ላከች። ብዙም ሳይቆይ ጎኑ የተተረተረ ፍራሽ መጣ።

«አቶ ደርቤ እሑድ የገቡት እርስዎ የሸጡትን ነጥብ እንደገና ሊመረምሩ ነበር» አለችው። «እርስዎ ደግሞ ቢራራ መውረዱን ሰምተዋል። ጓሳው እሱን እንደሚያስጠረጥር ስላወቁ ፍራሽዎን ተረተሩት።»

ምሥጋናውን ይዘውት ሲወጡ ሕሊና ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። አገርነሽ ወደ ቢራራ ተጠጋች።

«መደለያ መስጠትህን መመዝገቤ አይቀርም። ስንት ነጥብ ሰጠህ?»

«ዘጠና አራት።»

«ይገባህ ነበር?»

ቢራራ መሬት መሬቱን አየ። «እንጃ። በስምንት ዓመት አንድም አለቃ ወጥቶ ሥራዬን አላየልኝም።»