ከክታቡ የተፋቀችው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ራትህን በልተህ ነበር ወይ?» ብዬ ነው። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግሁ ነኝ፣ የቡዳውን፣ የዛሩን፣ የደብተራውን ወሬ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠጣሁት፣ ግን አንድም ቀን አምኜ አላውቅም፣ እንዲያውም ሰው ሲያወራ ሳቄን መያዝ ስለሚያቅተኝ ታላቅ እህቴ ትርንጎ «አንች ልጅ፣ አንድ ቀን ይኼ አፍሽ ያስይዝሻል» ትለኝ ነበር። ሥራዬ ኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ያልጻፉለትን አያወጣም፣ አስር ዓመት ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት በዚህ እምነት ነው። እንግዲህ እመኑኝም አትመኑኝም፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ከጎንደር አራዳ ከፍ ብሎ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ፣ እኔና አብነት የሚባል ባልደረባዬ የድሮ ብራናዎችን ፎቶ እያየን ወደ ኮምፒውተር እንገለብጣለን። የምንጽፈው በኤክስኤምኤል ነው፣ ዝም ብሎ መተየብ አይደለም፣ እያንዳንዱን ነገር በምልክት እየከለሉ ይህ ጸሎት ነው፣ ይህ የሰው ስም ነው፣ ይህ የተፋቀ ነው እያሉ መሰየም ነው። ያ ፋይል ለብቻው ሲያዩት ምልክት በምልክት ስለሆነ ሰው አያነበውም፣ ስለዚህ ስታይልሺት የሚባል ሌላ ፋይል እጽፍለታለሁ፣ ገጹ ለሰው ዓይን እንዴት እንደሚታይ የሚያዝ እሱ ነው፣ ስም ሲያገኝ እንደ ብራናው በቀይ ያወጣዋል፣ የተፋቀ ሲያገኝ ይደብቀዋል። ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልጋችሁም።

የዚያን ሰሞን የያዝሁት ረጅም ክታብ ነበር፣ ለሾተላይ የተጻፈ፣ ልጅ አልበረክት ያላት ሴት ራስጌዋ ላይ የምትሰቅለው። ያመጡልን ከጎንደር ወጣ ብላ ካለችው ከትክል ድንጋይ የመጡ አያ ደምሌ የሚባሉ ገበሬ ናቸው፣ ፎቶውን ካነሣንላቸው በኋላ ክታባቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ክታቡ ሰባት ቦታ ላይ «አድኅና ለአመትከ» ይልና፣ ይህችን ባሪያህን አድናት ማለት ነው፣ ከዚያ የክታቡ ባለቤት የሆነችው ሴት የክርስትና ስም ይገባል። በሰባቱም ቦታ አንድ የቀድሞ ስም በቢላዋ ተፍቆ በላዩ የአያ ደምሌ እናት ስም ተጽፎበታል። ከተፋቀው የሚነበበው «ወለተ» የሚለው ብቻ ነው፣ ሌላው ጥርግ ብሎ ጠፍቷል፣ ስለዚህ ሰባት ቦታ ላይ «የተፋቀ፣ የማይነበብ» የሚል ባዶ ምልክት አስቀመጥሁ። የእናታቸውን ስም ደግሞ አያ ደምሌ «ለሰው አታሳዩብኝ» ብለው ስለለመኑን ከፋይሉ አወጣሁት፣ በምትኩ ፋይሉ አናት ላይ አንዲት መስመር አዘጋጀሁ፣ እዚያች መስመር ላይ የተጻፈውን ስም ስታይልሺቱ ወስዶ በሰባቱም ቦታ እንዲሞላው። መስመሯ ባዶ ነበረች፣ ለሙከራ አንድ ስም ያስፈልጋታል።

አሁን ስለ ትርንጎ ልንገራችሁ። አዘዞ ነው የምትኖረው፣ ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱንም ሳምንት ሳይሞላቸው ቀብራለች። ሐኪሞቹ የደም አለመጣጣም ነው አሉ፣ አክስቶቻችን ሾተላይ ነው አሉ፣ እኔ ከሐኪሞቹ ጋር ነበርሁ። ያን ጊዜ ሦስተኛውን አርግዛ ሰባተኛ ወሯ ገብቶ ነበር፣ አንዲት የሕፃን ልብስ አልገዛችም፣ ስለ ልጁም አታወራም፣ አንድ ቀን ብቻ ልብስ እያጠበች «ይኼ ከሄደብኝ እኔም ተከትየው ነው የምሄድ» አለችኝ፣ ቀና እንኳ አላለችም። ይህ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም።

ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። አብነት ቅዳሴ ሄዷል፣ ታች ያለው መደብርም ለቅዳሴ ተዘግቷል፣ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ፋይሉን ከፈትሁና ባዶዋ መስመር ላይ «ወለተ ማርያም» ብዬ ጻፍሁ። የትርንጎ የክርስትና ስም ነው። የክርስትና ስም በኛ ዘንድ ለማንም እንደማይነገር ታውቃላችሁ፣ ለንስሐ አባትና ለቤተሰብ ነው፣ ግን ለሙከራ ነው፣ ወለተ ማርያም የምትባል ሴት በየቤቱ ሞልታለች፣ አብነት ቢያይም ምንም አይመስለውም፣ እንዲህ ነው ለራሴ ያልሁት። እውነቱን ልንገራችሁ? ለሙከራ ብቻ አልነበረም። ከሠራ ይሥራ ብዬ ነው፣ አፍሬ ነው እንጂ እየለመንሁ ነበር።

ገጹን ስከፍተው ሰባት ጊዜ «ወለተ ማርያም» በቀይ ወጣ፣ ሸጋ ሆኖ። ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው፣ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ የሚል፣ ሰው ቢላዋ ይዞ ቁርበት ሲፍቅ እንደሚሰማው። ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር አየሁ፣ ምንም የለም። ክረምት ነው፣ ኮርኒስ ውስጥ አይጥ ገብቶ ነው አልሁና ሥራዬን ቀጠልሁ፣ አንድ ክፍተት አስተካክዬ ገጹን እንደገና ሳድሰው ግን፣ መጨረሻ ላይ ያለው ሰባተኛው ስም ወለተ ማርያም አይልም። «ወለተ ሐዋርያት» ይላል፣ በቀይ።

መጀመሪያ የተናደድሁት በራሴ ነው፣ የሆነ ቦታ ተሳስቼ ይሆናል አልሁ። ሐዋርያት የሚል ቃል ፋይሉ ውስጥ ፈለግሁ፣ የለም። ስታይልሺቱ ውስጥ ፈለግሁ፣ የለም። ብሮውዘሩ የድሮ ገጽ አስቀምጦብኝ ይሆናል ብዬ አጸዳሁት፣ በሌላ ብሮውዘርም ከፈትሁት፣ ያው ነው፣ ይባስ ብሎ ስድስተኛውም ተቀይሯል። ፋይሉን ሳየው በደንብ ወለተ ማርያም ይላል፣ ገጹን ሳየው ሌላ ሴት አለች። መብራት ሄደ፣ ኢንተርኔቱም አብሮ ሄደ፣ ላፕቶፑ ብቻ በባትሪው ቀጠለ፣ ስለዚህ ሰው ከውጭ ገብቶ እየቀለደብኝ ነው የምለውም አለቀልኝ። ደግሞ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። ገጹን አደስሁት፣ አምስተኛው ተቀየረ። ወደ ኪቦርዱ ባይ በፊደሎቹ መሀል ነጭ ብናኝ ተነስንሷል፣ በጣቴ ነካ አድርጌ አሸተትሁት፣ የቁርበት ሽታ ነው።

አራተኛው እንደተቀየረ ስልኬ ጮኸ። ትርንጎ ናት።

«ማስቴ» አለችኝ፣ ማስተዋል ነው ስሜ፣ «ልጁ ዝም አለብኝ።»

«እንዴት ዝም?»

«ጧት ሲንፈራገጥ ነበር፣ አሁን የለም። ሆዴ ድንጋይ ሆነብኝ።»

«ባጃጅ ያዢና አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ፣ እዚያ እንገናኝ» አልኋት፣ ቁጣ አስመስዬ፣ ፍርሃቴን እንዳትሰማው።

«እሽ» አለች፣ ከዚያ «ማስቴ፣ ምንድን ነው የምትፍቂው?» አለችኝ።

እሷም ሰምታዋለች። «ምንም» አልኋትና ስልኩን ዘግቼ አያ ደምሌ ጋ ደወልሁ፣ እንዴት እንደያዘልኝ አላውቅም፣ ክረምት ክረምት ትክል ድንጋይ ኔትወርክ አይገኝም።

«አያ ደምሌ፣ ክታቡ የት ነው ያለ?»

«ራስጌዬ ተሰቅሏል። ምነው ልጄ?»

«ያ የተፋቀው ስም የማን ነው?»

በሳቸውም በኩል ዝናብ ይሰማል።

«የእናቴ ታናሽ እህት ነበረች» አሉ። «ክታቡ የሷ ነው። ሁለቱም እርጉዞች ሳሉ እናቴ ሰርቃ ስሟን ፋቀችና የራሷን አስጻፈችበት። እኔ ተወለድሁ፣ አክስቴ በወሩ ከነልጇ ሞተች። እናቴ እስክትሞት ስሟን አልጠራችውም፣ ከኛ ውስጥ የሚያውቀው የለም። አንች፣ ስም አገባሽበት እንዴ?»

ፋይሉ አናት ላይ ያለችውን መስመር አየሁ።

«አንድ ክታብ ሁለት ሴት አይሸከምም» አሉ። «እናቴ ፍቃ ነው የገባች። አንች የእናቴን አንሥተሽ ሌላ አግብተሽ ከሆነ፣ ያችኛዋ፣ አክስቴ፣ ቦታዬን ብላ መጥታለች። አንዷን አውጫት።»

«የትኛዋን?»

«እሱን እኔን አትጠይቂኝ። የወጣችዋ ግን ደጅ ነው የምታድር።»

ገጹ ላይ ያየሁትን የአክስታቸውን ስም አልነገርኋቸውም። ገጹን ሳድሰው አንዲት ወለተ ማርያም ብቻ ቀርታለች፣ የመጀመሪያዋ። እዚህ ላይ የማፍርበትን ልንገራችሁ፣ ያች ሴት ምንም አላጠፋችም፣ ክታቡ የራሷ ነበር፣ አንዴ በገዛ እህቷ ተፍቃ ሞታለች፣ ይህን ሁሉ አውቄ ነው የሷን ቦታ የያዙትን ሰባት ባዶ ምልክቶች ማጥፋት የጀመርሁት። አንድ በአንድ አጠፋኋቸው፣ ድምፁ አሁን የሚመጣው ከጣቴ ሥር ነው፣ የምፍቀው እኔ ነኝ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ከኋላዬ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ፣ ሊያለቅስ ያለ ሰው እንደሚተነፍሰው፣ ቀዝቃዛው ትንፋሽ አንገቴ ላይ ደረሰ። አልዞርሁም። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ ናት» አልሁና አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ በቀር ምንም አልተሰማም። ገጹ ሰባት ጊዜ ወለተ ማርያም ይላል። ወደ ሆስፒታል ልሮጥ ቦርሳዬን ሳነሣ ትርንጎ ከባጃጅ ውስጥ ደወለችልኝ፣ እያለቀሰች «ረገጠኝ ማስቴ፣ ረገጠኝ» ትላለች፣ እኔም ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። አብነት በበነጋው ኪቦርዱን እያራገፈ «በፍልሰታ ተደብቀሽ ዳቦ ስትበይ ነበር አይደል? ዱቄቱን እይው» ብሎ ሳቀብኝ። አብሬው ሳቅሁ፣ ምን ልበለው?

በሦስተኛው ቀን አያ ደምሌ ደወሉ።

«ልጄ፣ ብራናው ተበሳ። ሰባት ቦታ።»

«አይጥ ይሆናል» አልኋቸው።

«አይጥ ስም እየመረጠ ይበላል?» አሉኝ። «የትኛዋን ነው ያወጣሻት?»

መስመሩ ተቋረጠ፣ መልሼ አልደወልሁም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ መስከረም ጠባ፣ በማለቂያውም ትርንጎ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ቢጫ ሆና ነበር፣ ሐኪሞቹ ቀንና ሌሊት መብራት ሥር አስተኝተው አዳኗት፣ ሐኪሞቹ ናቸው ያዳኗት፣ ዛሬም እንደዚያ ነው የምል። ሳምንት አለፋት፣ ወር አለፋት፣ ትርንጎ ልብስ መግዛት ጀመረች። ሰማንያ ቀኗ የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ዋለና ክርስትና ልናስነሣት ሄድን፣ ሁላችንም ወለተ ገብርኤል ትባላለች ብለን ጨርሰናል። ቄሱ ስሟን ለክርስትና እናቷ ሲነግሯት አጠገቧ ቆሜ ነበር።

«ወለተ ሐዋርያት» አሉ።

ክርስትና እናቷ ደስ ብሏት ስሙን ደገመችው። እኔ ወጥቼ ዛፍ ሥር ቆምሁ፣ ቄሱ ሲወጡ ጠብቄ «አባ፣ ቀኑ የገብርኤል አይደለም እንዴ?» አልኋቸው። «እኔም ወለተ ገብርኤል ልል ነበር፣ አፌ ላይ የመጣው ይኼ ሆነ። ምነው፣ ከፋሽ?» አሉኝ። አይ አባ፣ ሸጋ ስም ነው አልሁና እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል ተሳለምሁ።

አሁን ልጅቷ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ጤነኛ ናት፣ ትርንጎ ወፍራለች፣ ትዘፍናለች፣ የድሮዋ እህቴ ተመልሳለች፣ ይህን ሁሉ እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርሁት ለሷ ብዬ ነው። ልጅቷ እኔ ስመጣ ከእናቷ እቅፍ ወርዳ ፊት ለፊቴ ትቀመጥና ዝም ብላ ታየኛለች፣ አትስቅም፣ አታለቅስም፣ ትርንጎ «አክስቷን እንዲህ የምትወድ ልጅ አይቼ አላውቅም» ትላለች። ባለፈው እነሱ ቤት ከልጅቷ ጋር አንድ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ነበር፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል በጥፍሯ ግድግዳውን ስትፍቅ ሰማሁ፣ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ልጅ አይደለች፣ ልጅ ያገኘውን ይፍቃል። ግን ደጅ ታድራለች የተባለችው አሁን የምታድረው ከእህቴ እቅፍ ነው፣ የፋቅኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

አንዳንድ ቀን ሰባቱን ምልክቶች መልሼ ላስገባላት እልና ላፕቶፑን እከፍታለሁ። ከዚያ የአያ ደምሌ ነገር ትዝ ይለኛል፣ አንዷ ስትገባ አንዷ መውጣት አለባት፣ እህቴና ልጇ ሁለቱም አሁን አንድ አልጋ ላይ ናቸው። ፋይሉን እስከ ዛሬ አልነካሁትም።