እየሰማሁዎት ነው

እናንተ፣ ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጡ አባታችሁን ለማን አደራ ሰጥታችሁ ወጣችሁ? ለሰው ነው ካላችሁ፣ ሰው መሆኑን በምን አረጋገጣችሁ?

መርማሪዋ ወደዚያ ቤት ስትገባ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሐሳቧ አልነበረም። የተጠራችው «እህቴ አባታችንን መድኃኒት ከልክላ ገደለች» ተብሎ ነው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ሌላው ጣቱን በማያስገባበት ቀዳዳ ስለምታልፍ ነው።

ሟቹ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ የሥራ ጠረጴዛቸውን መኝታ ቤታቸው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከነመፍቻውና ከነማጉያው እንደዘረጉ ኖረዋል። የሞቱትም እዚያው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ግራ እጃቸው የሸሚዛቸውን ደረት ጨምድዶ ይዟል። እግራቸው ሥር እርሳስ ወድቋል። ፊት ለፊታቸው የምክር አገልግሎት በቪዲዮ የሚያገኙበት ታብሌት ቆሟል።

«ልብ ነው» አለ ሐኪሙ። «ከምላስ ሥር የሚያደርጓት ክኒን በጊዜ ብትደርስላቸው ኖሮ ምናልባት አሁን እኛን ይቆጡን ነበር።»

ክኒኗ ግን የተገኘችው ማድ ቤት፣ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከስኳር ጣሳው ጀርባ ነው። ሽማግሌው በከዘራም አይደርሱባትም።

«ይኸው!» አለ ወንድ ልጃቸው። መኪና ሻጭ ነው፤ ሲናገር እጁ አያርፍም። «እዚያ ማን ሰቀላት? አብራቸው የምትኖረው እሷ ናት። ይሄንን ደግሞ ስሚልኝ።» ስልኩን አውጥቶ የምክር ድርጅቱ የላከለትን ሪፖርት አነበበ። «‹ቀጠሮው ከአራት ሰዓት እስከ አራት ከአርባ ቆይቷል። ደንበኛው ደስተኛ ነበሩ። ስለ ልጅነታቸው አወጉ። በሳቅ ተለያየን።› አራት ከአርባ ላይ እየሳቁ ነበር ማለት ነው። እሷ አራት ከአርባ አምስት ገባች። አምስት ሰዓት ላይ ደውላ ‹አባዬ ሞቱ› አለችኝ። መሃሉ ላይ ማን ነበር? እኔ ነበርኩ?»

«አንተማ መቼ ነበርክ» አለች እህቱ፣ ቀና ሳትል።

እህትየው ከመንገዱ ማዶ ባለ ልብስ ማጠቢያ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት። ሽርጧን አላወለቀችም። መርማሪዋ ለብቻዋ ወደ ማድ ቤት ወሰደቻት።

«ክኒኗን ማን አነሳት?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«እኔ ነኝ አልኩዎት እኮ። ይጻፉት።»

«የኔ እህት፣ አለቃዬ እስከ ማታ ቃልሽን ይጠብቃል። ይሄንኑ ከጻፍኩለት ጣቢያ ታድሪያለሽ። ቀብሩ ደግሞ ነገ ነው።»

ሴትዮዋ የሽርጧን ኪስ ደጋግማ ዳበሰች። አባቷን ሳትቀብር መቅረቷ አሁን ገና የገባት ይመስላል። ቢሆንም አልተናገረችም። መርማሪዋ ይሄን ዓይነት ዝምታ ታውቀዋለች። ወንጀል የሚደብቅ ሰው ብዙ ያወራል። ራሱን የፈረደበት ሰው ግን እንዲህ ዝም ይላል።

ሴትዮዋን አስከትላ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፀሐይ ወለሉን ሞልታዋለች። እንዲህም ሆኖ የጠረጴዛው መብራት በርቷል። አንገቱ ታጣፊ መብራት ነው፤ የተሠራው ለሥራ፣ ቁልቁል ጠረጴዛውን እንዲያበራ ነው። አሁን ግን አንገቱ ተጠምዝዞ ብርሃኑ የሟቹ ፊት ላይ ነው።

«አባትሽ ቀን መብራት ያበሩ ነበር?»

«አባዬ?» ሴትዮዋ በመገረም ቀና አለች። «ቀን መብራት ያበራ ሰው ቤት ሻይ አይጠጡም።»

መርማሪዋ ከጠረጴዛው ላይ የሟቹን የጥገና ደብተር አነሳች። የሰዓት ሠሪውን ጡረታ ደብተሩ የሰማ አይመስልም፤ የጎረቤቱን ሰዓት ሁሉ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ከወር በፊት በተጻፈ ገጽ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ባለቤት፦ አማካሪዋ። ዕቃው፦ ከጀርባዋ ያለው የግድግዳ ሰዓት። ብልሽቱ፦ አራት ከሃያ አንድ ሲደርስ ወደ አራት ከአሥር ይመለሳል። ምርመራ፦ ሰዓቱ ጤነኛ ነው። ሴትዮዋ የለችም።»

ከሥሩ፣ ከሳምንት በኋላ፦ «ለድርጅቱ ኃላፊ ነገርኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ። ዛሬ አማካሪዋ ራሷ ነበረች፤ የጠየቅኳትን መለሰችልኝ። ሰዓቷም ልክ ሄደ። ተጠግኗል።»

መርማሪዋ ገጾቹን እስከ መጨረሻው ገለጠች። ከዚያ ደብተሩን ዘግታ ብብቷ ሥር ያዘችው። ለድርጅቱ ደውላም የአማካሪዋን የዚያን ጠዋት ቀጠሮዎች ከነሪፖርታቸው እንዲልኩላት ጠየቀች። የመዝገብ ሠራተኛው ምንም ሳይጠረጥር ላከ። አራት ሰዓት ላይ የተመዘገቡት አራት ሰዎች ናቸው። ከአራቱ አንዷ ወደሆኑት ጡረተኛ አዋላጅ ደወለች።

«እማማ፣ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ከአማካሪዋ ጋር አውርተዋል?»

«አውርቻለሁ እንጂ! የጉልበቴን ነገር፣ የልጅ ልጄን ነገር፣ አንድ ሳይቀር።»

«እሷስ ምን አለችዎት?»

«‹እየሰማሁዎት ነው፤ ይቀጥሉ› ትላለች። ጎሽ፣ ጨዋ ናት፤ አታቋርጥም። ብቻ ዛሬ ‹ስሜን ታውቂዋለሽ ወይ?› ብላት ‹ይቀጥሉ› አለችኝ። ለመሆኑ አንቺም ዝም ብለሽ ትነቀንቂያለሽ እንዴ ልጄ?»

«አይ እማማ። እኔ እየጻፍኩ ነው።»

«እሰይ። እንግዲያው ጉልበቴንም ጻፊልኝ።»

ጻፈችላቸው።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በዚያች ጠባብ ክፍል ተሰበሰቡ። ልጆቹ፣ ዓይኗ ያበጠ ወጣት አማካሪ፣ የደረት ካርዱን እንዳንጠለጠለ የመጣ የድርጅቱ ኃላፊ። አስከሬኑ ተወስዷል፤ ወንበሩ ግን እዚያው ነው። ማንም አልተቀመጠበትም።

«በቅድሚያ ጥልቅ ሐዘናችንን…» ብሎ ጀመረ ኃላፊው።

«ይቆይዎት» አለች መርማሪዋ። ወደ ልብስ ተኳሿ ዞረች። «ክኒኗን ያነሳሽው በራስሽ ሐሳብ አይደለም። ሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ደጋግመሽ የምትነኪውን ወረቀት አውጪው።»

ሴትዮዋ አወጣችው። ላብ ያረሰው የድርጅቱ ደብዳቤ ነው። መርማሪዋ አነበበችው።

«‹ደንበኛው በመጠይቁ ከፍተኛ የሐዘን ስሜት ስላሳዩ መድኃኒቶችን ከአጠገባቸው ያርቁ። በቀጠሮ ሰዓት ሕመም ከተሰማቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ እጃቸውን ያንሱ። አማካሪዋ ወዲያው ለቤተሰብ ትደውላለች።›»

«ስልኩን ከካውያው አጠገብ አስቀምጬው ነበር» አለች ሴትዮዋ። አሁን ድምጿ ተከፈተ። «ሁልጊዜ ቀጠሮ ሲኖራቸው ዓይኔን ከሱ አልነቅልም። መንገዱን ተሻግሬ፣ ደረጃውን ወጥቼ ክኒኗን እስካደርስላቸው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ስንቴ ለክቼዋለሁ። አልጮኸም። አራት ከአርባ አምስት ስገባ እጃቸው ቀዝቅዟል። ለወንድሜ እስክደውል እሳቸውን ሳሻሽ፣ ስጠራቸው ነበር።»

ወንድምየው እጁን ኪሱ ከተተ።

«እንግዲህ በሳቅ ተለያየን ወደሚለው እንምጣ» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ይህች ልጅ አራት ሽማግሌዎችን በአንድ ጊዜ አነጋግራለች። የሦስቱ ሪፖርት ቃል በቃል አንድ ነው። ሦስቱም ደስተኛ ነበሩ፣ ሦስቱም ስለ ልጅነታቸው አወጉ፣ ሦስቱም ሳቁ። አንደኛው ግን በዚያ ሰዓት ሞተዋል። ሪፖርቱ የተጻፈው ማንንም ሳያዩ ነው። ሦስቱ ሲያወሩ የነበረው አሥራ አንድ ደቂቃ ከሚረዝም፣ ሲያልቅ እንደገና ከሚጀምር ቅጂ ጋር ነው። የሚነቀንቅ ፊት፣ ‹እየሰማሁዎት ነው› የሚል ድምፅ።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ ኃላፊው። «ሟቹ ቅሬታ አቅርበው ነበር፣ ተስተካክሏል። ራሳቸው አመስግነውናል።»

«ልክ ነዎት፤ አመስግነዋል። ቅዠቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። እኚህ ሰው ሞኝ አልነበሩም፤ አንድ ጊዜ ደርሰውባችኋል። ይቅርታ ባትጠይቁ ኖሮ እንደገና አያምኗችሁም ነበር። ደረታቸውን ሲወጋቸው ስልካቸው ወዳለበት መኝታ ቤት ስድስት እርምጃ ነው፤ ገና አቅም ሳለ ይሄዱ ነበር። አልሄዱም። ሳይነሱ እጃቸውን አነሱ። ጠበቁ። ፊቱ ነቀነቀላቸው። አልታየሁ ይሆናል ብለው መብራቱን ወደ ራሳቸው አዞሩት፤ በዚያ ሁሉ ፀሐይ። እንደገና ጠበቁ።» ደብተሩን ከፍታ የመጨረሻውን ገጽ አሳየቻቸው። የዕለቱ ቀን ተጽፎበታል። ከሥሩ በተንጋደደ እርሳስ ሁለት ቃላት አሉ። «‹ሰዓቱ ተመለሰ።› ከጀርባዋ ያለው ሰዓት ከአራት ከሃያ አንድ ወደ አራት ከአሥር ሲመለስ ነው የጻፉት። ማንም እንደሌለ ያወቁት ያኔ ነው። ያኔ ግን ለመነሳት አቅም አልነበራቸውም።»

አማካሪዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«አራተኛው ሰውዬ ባለቤታቸውን በዚህ ሳምንት ነው የቀበሩት» አለች ከመዳፎቿ ውስጥ። «እያለቀሱ ነበር። ከሳቸው ጋር በእውነት ነበርኩ። ትቻቸው መሄድ አልቻልኩም። ለአባባ ቅሬታቸውን ካቀረቡ በኋላ ሁለት ቀጠሮ ራሴ ቀርቤ ነበር፤ ከዚያ ‹ይበቃቸዋል› ተባልኩ። ‹ለዝምተኞቹ ቅጂውን ልቀቂላቸው፤ ዝምተኛ አያስተውልም› ተባልኩ።»

«ማን አለሽ?»

ልጅቷ እጇን ከፊቷ አወረደች። ኃላፊውን አየችው። ሁሉም አዩት።

«እኔ ነኝ ያስመዘገብኳቸው» አለ መኪና ሻጩ ድንገት፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። «መምጣት አልቻልኩም… ሰው ያዋራቸው ብዬ ነው።» ወደ እህቱ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ቆመ። ገዳይ ብሎ የጠራት በዚህ ጠዋት ነው፤ የዚያን ያህል ቶሎ የሚመለስ ቃል የለም። እሷም አላቀለለችለትም። ሽርጧን ፈታ በአራት አጣጥፋ ያዘችው።

«ነገ አባትሽን ትቀብሪያለሽ» አለቻት መርማሪዋ። «ዛሬ ማታ የምጽፈው የአንቺን ስም አይደለም።»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ድርጅታችን ጉዳዩን አጣርቶ በጽሑፍ ምላሽ ይሰጣል። ሟቹም ቢሆኑ በውሉ ላይ ፈርመዋል…»

መርፌ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ብዙ ገዳይም አነጋግራለች። የደም ሥሯ ግንባሯ ላይ ሲገተር ባልደረቦቿ አይተው አያውቁም። ያን ከሰዓት ተገተረ።

«ጽሑፍዎን አልፈልገውም። ለፍርድ ቤት የሚሉትን ለፍርድ ቤት ይላሉ፤ እሱን እኔ አደርስልዎታለሁ። ነገር ግን አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ አንድ ሙሉ ከተማ አባቱንና እናቱን እናንተ ፊት አስቀምጦ ሥራ ላይ ነው። እዚህ አራት ግድግዳ ውስጥ ለኔ አይመልሱ። አደባባይ ይውጡ። ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ እነሱም ራሳቸው በሚሰሙበት ይቁሙና ይመልሱ፦ ዛሬ ጠዋት ከተመዘገቡላችሁ ሽማግሌዎች መካከል ስንቶቹ ከሰው ጋር አወሩ? ያላወሩትስ እነማን ናቸው? አንድ በአንድ፣ በየስማቸው ይጥሯቸው!»