ያላዘዝኩት በር

እኔ ጂኒ፣ ዛር፣ መንፈስ የሚባል ወሬ ሲነሳ ከመሃል ተነስቼ ሻይ የምቀዳ ሰው ነኝ፤ ካምፓስ እያለን መብራት ሲጠፋ የዶርም ልጆች ተቃቅፈው እንዲህ ያለውን ሲያወሩ፣ እኔ በስልኬ መብራት የስቱዲዮ ሥራዬን እጨርስ ነበር፣ እና እባካችሁ ይህን ስነግራችሁ "እሷንም ጀመራት" እንዳትሉኝ።

አርክቴክቸር ተመርቄ አንድ ዓመት ያህል ዲላ እናቴ ቤት ተቀመጥኩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ "ኢንጂነርዬ፣ ሥራ አልተገኘም?" እያለ ያቆስለኛል፤ በመጨረሻ እዚያው ከተማ አንዲት ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ለሙከራ ተቀበለችኝ። አለቃዬ ኢንጂነር ግርማቸው ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ነገር አያለዝብም። የመጀመሪያ ሥራዬን፣ የሐጂ ሙዘሚልን መኖሪያ ቤት ሲሰጠኝ፣ "ሐጂን ካስደሰትሽ ቋሚ ትሆኛለሽ፣ ቅር ካላቸው ግን ልይዝሽ አልችልም" አለኝ፣ በቃ። ሐጂ የጭነት መኪና ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸው ቅር ካላቸው ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል።

ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቁልቁል ቡናና እንሰት የሚያይ ተዳፋት ነው። ፎርማኑ ጋሽ በራሶ ችካል ተክሎ፣ ሲባጎ ወጥሮ፣ የቤቱን ግድግዳዎች መስመር መሬት ላይ አወጣው። ጋሽ በራሶ አንድ ደንብ አለው፤ ሲባጎ ከተወጠረ በኋላ ማንም መሻገር የለበትም፣ ባለቤትም ይሁን የቀን ሠራተኛ ዞሮ በበሩ ክፍተት ነው የሚገባው። "ግድግዳ ነው እኮ፣ በበር ግባ!" ይላል፤ አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ስለሆነ አንዴ አንተ አንዴ አንቺ ይለኛል፣ ለምጄዋለሁ። ሠራተኞቹም እየሳቁም ቢሆን ያከብሩለታል።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሁሉም ሲሄዱ ብቻዬን ቀረሁ፣ በማግስቱ ሐጂና ባለቤታቸው ሊያዩ ስለሚመጡ ክፍሎቹን አንዴ ልፈትሽ ብዬ። ከቡሌ ደጋ በኩል ጉም እየወረደ ነበር። ቸኩያለሁ፣ ደክሞኛል፣ ወጥ ቤቱ አጠገቤ ነው፣ ደግሞ ቤቱን የሳልኩት እኔ ነኝ በሚል ድፍረት፣ እግሬን አነሳሁና ሲባጎውን ተሻገርኩት።

እመኑኝ፣ ድምፅ ተለወጠ። ከመንገዱ የባጃጅ ጩኸት ይሰማ ነበር፣ አንድ እርምጃ ስገባ ሁሉም ደፈን አለ፣ ልክ መስኮት ሲዘጋ እንደሚሆነው። ጆሮዬ ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ ሜዳ ላይ ቆሜ፣ ከላዬ ሰማይ ብቻ እያለ፣ ድምፄ ባዶ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ሁሉ አስተጋባ። ከዚያ ካፊያ ጀመረ፣ እናቴን ነው የምላችሁ፣ ከአናቴ በላይ ቆርቆሮ ሲመታ ሰማሁት፣ ጃኬቴ ግን እየረጠበ ነው!

"ማነው?" አልኩ፣ እንደ ሞኝ። ሳሎን ብዬ በሳልኩት በኩል ኮቴ ተሰማ፣ ዝግ ያለ፣ የቤት ሰው አረማመድ። ሳሎኑን አቋረጠ፣ እኔ የሳልኩትን መታጠፊያ ሳይስት በኮሪደሩ ታጠፈ፣ ወጥ ቤት ገባ፣ በአጠገቤ አለፈ፣ ሽውታ እንኳ አልነካኝም። ከዚያ በጓሮ በኩል ባለው ግድግዳ፣ ምንም በር በሌለበት፣ መቀርቀሪያ ሲሳብ ሰማሁ፤ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ቦርሳዬን ጥዬ በየት እንደወጣሁ አላውቅም፣ ራሴን አስፋልቱ ላይ አገኘሁት።

ለማንም አልተናገርኩም፣ ምን ብዬ? በማግስቱ ጋሽ በራሶ ቦርሳዬን ሲያቀብለኝ ብቻ፣ እንደ ቀልድ አድርጌ "ትናንት ሲባጎህን ተሻገርኩት" አልኩት። አልሳቀም። "በግድግዳ የሚገባ ሌባ ነው፣ ሌባ ካልሆነ ሌላ ነው" አለኝ። "ምን ሌላ?" ብዬ ብጠይቀው ወደ ሥራው ዞረ።

ሐጂና ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ከአለቃዬ ጋር መጡ፣ በበር ገቡ፣ ዞሩ። እትዬ ዘይነባ ወጥ ቤቱ መሃል ሲደርሱ ቆሙ።

"ልጄ፣ አይክፋሽና፣ እዚህ ታፈንኩ።"

"ምን ይደረግልዎ፣ እትዬ?"

"እሱን እኔ ካወቅኩ አንቺን ለምን አመጣንሽ?"

ሐጂ "ቁፋሮው ይጀመር፣ የወጥ ቤቱን ነገር ግን አስቢበት" ብለው ፊታቸውን አጠቆሩ፤ አለቃዬ እኔን አየኝ፣ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። አልዋሽም፣ ያ የሰማሁት በር ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ግን በዚያ በኩል መሬቱ ስለሚያዘቀዝቅ በር አይሆንም ብዬ የዘጋሁት እኔው ነኝ፣ ደግሞስ ኮቴ ሰምቻለሁ ብዬ ፕላን ልቀይር?

ከዚያ አለቃዬ የቡና መጋዘን እንድለካ ፍስሐ ገነት ከተማ ላከኝና እዚያው ከረምኩ፣ ስለዚያ ወጥ ቤት ሳስብ አድራለሁ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ስመለስ ሥራዬን እንደምሰናበት እያሰብኩ ሳይቱ ሄድኩ፤ ግድግዳው ከወገብ በላይ ደርሷል፣ እትዬ ዘይነባ ወጥ ቤቱ ውስጥ ናቸው፣ ገና ሲያዩኝ አቀፉኝ። "ማሻአላህ! የኔ ልጅ፣ አላህ እጅሽን ይባርከው!" በጓሮው ግድግዳ ላይ የበር ክፍተት ተትቷል፣ ከበሩ ተዳፋቱን ይዞ የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ፣ ከሥሩ ለጎመን የምትሆን ትንሽ እርከን። ብርሃን ገብቶ ወጥ ቤቱ ሌላ ሆኗል። ያምራል፣ እኔ ግን አላሰብኩትም።

ጋሽ በራሶን ለብቻው ሳብኩት። "ይህን በር ማን አዘዘህ?"

"አንተ ነህ እንጂ! አንድ ቀን ጠዋት መጣህ፣ እዚህ ቆመሽ በእጅሽ አሳየሽኝ። ደረጃውንም።"

"እኔ ፍስሐ ገነት ነበርኩ እኮ።"

የማሾፍበት መስሎት ሳቀ። "ሰላም እንኳ አላልሽም፣ ቸኩለህ ነበር። በጓሮ በኩል ነው የመጣኸው።"

ሌላ ሰው አይቶ ይሆናል አልኩ፤ ማንን? ከፍስሐ ገነት ድረስ በእንቅልፍ ልቤ አልመጣ! ሐጂ ግን "ልጅቷ ጎበዝ ናት" ብለው ለአለቃዬ ነግረውት፣ እሱም በዚያው ሳምንት ቋሚ አደረገኝ። እኔ አይደለሁም ብል ማን ያምነኛል፣ ቢያምነኝስ ምን ልበላ ነው? ምስጋናውን ተቀበልኩ። እናቴም ጎረቤት ጠርታ ዳቦ ቆረሰች።

በዚህ ቢያበቃ ባልነገርኳችሁ ነበር። አሁን ቡሌ ላይ የአንድ መምህር ቤት እያሠራሁ ነው፣ ፎርማኑ ሌላ ሰው ነው፣ ስለ ሐጂ ቤት ሰምቶ አያውቅም። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ጉንፋን ጥሎኝ ከአልጋ አልወረድኩም፣ እናቴ ምስክሬ ናት። ዛሬ ከሰዓት ፎርማኑ ደወለልኝ።

"ኢንጂነር፣ በረንዳውን ትናንት እንዳሳየሽን ወደ ፀሐይ አዞርነው። ለዚህ አገር ብርድ ይሄ ይሻላል፣ ልክ ነሽ።"

ተነስቼ ተቀመጥኩ፣ ቤቱን በልቤ አዞርኩት። እውነትም ይሻላል። የሚያስፈራኝ ብቻ ሳይሆን የሚያበግነኝም ይሄ ነው፣ ያቺ እኔን መስላ የምትመጣው ከእኔ ትሻላለች።

"ሌላ ምን አልኳችሁ?" አልኩት።

"ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እመለሳለሁ ብለሽ የለ?"

"አዎ" አልኩት፣ ምን ልበል? ይኸው ልብሴን አዘጋጅቼ ተቀምጫለሁ፣ ልሂድ ልቅር ግራ ገብቶኛል፤ ብቀር እሷ መሄዷ ነው፣ ብሄድ ደግሞ ቀድማኝ ደርሳ ብትጠብቀኝስ?