ንቧ የት ረገጠች?

መርማሪዋ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሟች ደረቷ ላይ ተሸክማ ኖራለች። አለቃዋ አንዱን ጫኝና አውራጅ በጥፊና በእርግጫ «ገድያለሁ» አሰኝቶ ሲያስፈርመው፣ «ይህ ሰው አልገደለም» ብላ ነበር። «ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ልታስተምረኝ!» ብሎ አሳቀባት። ሰውየው እስር ቤት ሞተ። እሷም ዝም አለች፤ ዝምታው ግን እንደ ቃር ያቃጥላት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወደ ፎቶ ማሠልጠኛው ተጠርታ ስትገባ መምህሩ በግንባሩ ተደፍቷል። የካሜራ ስታንድ ጭንቅላቱን ከኋላ ፈልጦታል፤ ደሙ ግድግዳው ላይ እስከተሰቀሉት የጉንዳንና የአበባ ፎቶዎች ተረጭቷል። ጥግ ላይ የግቢው ዘበኛ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ተቀምጧል። አለቃዋ ቀድሟት ደርሶ ኖሯል።

«አምኗል» አለ፣ እጁን በመሐረብ እየጠረገ። «ከሰዓት በኋላ ይወሰዳል።»

«ማን ነው ያመነው? እሱ ወይስ ጥርሱ?» አለች፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ጥርስ እያየች።

«እትዬ፣ የልጆች አባት ነኝ» አላት ዘበኛው።

ሦስት ሰዓት ላይ ሬሳውን ያገኘችው የፎቶ ተማሪ በሙያዋ ነርስ ናት። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«መምህሩ ከሰው ይጣላ ነበር?»

«እሱ? ክፉ አይወጣውም። ፎቶሽን ሲያይ መጀመሪያ ጥሩውን ያነሣል፤ ከዚያ ይጠይቅሻል። ጥፋትሽን ራስሽ ታገኚዋለሽ።»

«ትናንትስ ምን ጠየቀ?»

«የእኔን፣ ‹ጤዛዋ ደስ ትላለች፤ ዓይናችን ግን መጀመሪያ የት ይረፍ?› አለኝ። የሻምፒዮኑን ደግሞ፣ ‹ብርሃኑ ግሩም ነው። ንቧ ግን የት ረገጠች?› አለው። ሳቅን። ‹ነገ ጠዋት ለብቻችን እንነጋገርበታለን› ሲለው ሻምፒዮኑ ፊቱ ጠቆረ።»

ሻምፒዮን የሚሉት ሁለት ዓመት በተከታታይ በፎቶ ውድድር የተሸለመውን ተማሪ ነው። ጓሮ አገኘችው፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነው።

«ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ሆዴን መሬት ለጥፌ ንብ ስጠብቅ ነበር። ይኸው!» ካሜራውን ዘረጋላት። ንቧ ቢጫ አበባ ላይ ናት፤ ሰዓቱ ሁለት ከአርባ ይላል።

«ለአንዲት ንብ ይህን ያህል?»

«ሥራችን ትዕግሥት ነው፣ እናቴ። አንቺ አይገባሽም።»

መርማሪዋ ያደገችው በአባቷ ቀፎዎች መሀል ነው። ምስሉን አጉልታ አየችው፤ የትናንቱንም አስመጣች። ከዚያ የካሜራ ቦርሳውን ፈትሻ ሰዎቹን ሁሉ ሬሳው ባለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«መምህሩ አልቀለደም» አለች። «በሕይወት ያለች ንብ አበባውን በእግሯ ቆንጥጣ ትይዛለች። የዚህች እግሮች ደረቷ ላይ ታጥፈዋል፤ ምላሷ ተንጠልጥሏል። የሞተች ናት።»

«የትኛዋ? የትናንቷ?» አለች ነርሷ።

«የትናንቷም የዛሬዋም። የግራ ክንፏን እዩት፤ ሁለቱም ላይ አንድ ቦታ ተቀድዷል። የሞኝ ዘፈን ሁሌ አበባዬ አሉ! ያችኑ ሬሳ ደግሞ አነሣት።» ከቦርሳው ያገኘችውን የክብሪት ቀፎ ገለበጠችው። ደረቅ ንቦች ጠረጴዛው ላይ ፈሰሱ፤ ክንፈ ቀዳዳዋም አለች። «የሞተች ንብ አትጠበቅም፤ አስቀምጦ ለማንሣት አንድ ደቂቃ ይበቃል። በቀረው ሰዓት የት ነበርክ? ሽልማትህ ሁሉ በሬሳ መገኘቱን መምህሩ ደርሶበታል። ‹ለብቻችን› ያለህ እንኳ ሰው ፊት እንዳትዋረድ ብሎ ነው።»

«‹ለሸላሚዎቹ ራስህ ንገራቸው› አለኝ!» ጮኸ ሻምፒዮኑ። «ራስህ!» ደም የደረቀበትን ስታንድ አንሥቶ ሰነዘረ። ትከሻዋ ቀጭ አለ። በደህናው እጇ ወንበር ጎትታ ጉልበቱን አለችው፤ ጩኸቱን እየለቀቀ ተዘረረ።

አለቃዋ ካቴናውን አስገብቶ ቀና አለ። «ጎበዝ! ሪፖርቱን እኔ እጽፈዋለሁ።»

«ያንተን ሪፖርት አልነካም፤ የራሴን እጽፋለሁ» አለች። ወረቀት አውጥታ ዘበኛው ፊት ተቀመጠች። «ማን ነው የመታህ?»

«አብደሻል?» አለ አለቃው።

ዘበኛው ወደ አለቃው አየ፤ ከዚያ ወደ እሷ አየና ተናገረ። አንድ በአንድ፣ ፊደሉን እየለቀመች ጻፈች፤ ነርሷን በምስክርነት አስፈረመቻት። ከሥሩ ስለ ጫኝና አውራጁ የምታውቀውን ሁሉ፣ ዝም ማለቷንም ጭምር፣ ጨመረችበት። ፈረመች። የተሰበረ ትከሻዋን ይዛ፣ ሐኪም ቤቱን አልፋ፣ ወረቀቱን በገዛ እጇ ለዐቃቤ ሕጉ ሰጠችው።