የነጣው አፍንጫ

«ጠመኔውን ከአፍንጫሽ ላይ ጥረጊው እንጂ» አልኳት ደረጃ ላይ ሳገኛት። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጣቷ ከጠመኔ ተለይቶ አያውቅም። በመዳፏ አበሰችው፤ አልለቀቀም።

«ጠመኔ አይደለም ጋሼ፤ ተወግቼ ነው» አለችኝ።

ምድር ቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ ጉንጭ የሚሞላ፣ አፍንጫ የሚያቃና መርፌ ጀምራለች። ሙያውን የቀሰመችው ከስልኳ ላይ ነው። እኔም ከስልክ ላይ ብዙ ተምሬያለሁ፤ እስካሁን ግን ማንንም አልወጋሁም።

ልጅቷ ገና ከመወጋቷ ቆዳዋ ነጥቶ አቃጠላት፤ ቀኝ ዓይኗም ተጋረደባት። ለፀጉር ሠሪዋ ብትነግራት፣ «ከነጣማ ይዟል ማለት ነው፤ በረዶ ያዢበትና ተኚ» ብላ አሰናበተቻት። ወንበሩን ሌላ ደንበኛ እየጠበቀችው ነበርና።

ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት። በመርፌ ልትቆነጅ ሄዳ ብለው እንዳይስቁባት ፈርታ፣ ትንሽ ልታገሥ አለች። ታገሠች። ከሰዓት በኋላ አፍንጫዋ በልዞ መረብ የመሰለ ነገር ሲወጣበት ግን እየጎተትኩ ወሰድኳት።

ሐኪሟ አላባበለችንም። የአፍንጫና የዓይን የደም ሥር የተገናኙ ናቸው አለች። መርፌው ሥር ውስጥ ገብቶ፣ የተወጋው ዝልግልግ ነገር ሽቅብ ተገፍቶ የዓይኗን ሥር ደፍኖታል። ቆዳው የነጣው ደም ስለተቋረጠበት ነው፤ በረዶው ደግሞ የጠበበውን ሥር ይብሱን አጥብቦታል። ዝልግልጉን የሚያሟሟ መድኃኒት ወጋቻት። ለአፍንጫዋ ደረሰላት፤ ለዓይኗ አልደረሰም።

«ዓይን ያለ ደም የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው» አለች ሐኪሟ። «ይሉኝታን አይጠብቅም።»

ወገኖቼ፣ መቆንጀት ነውር ነው አልልም፤ እኔም ሽበቴን እቀባለሁ። ነገር ግን ፊታችሁን የምትሰጡት የፊትን የደም ሥር ጠንቅቆ ለተማረ ሐኪም ይሁን። ከተወጋችሁ በኋላ ቆዳ ቢነጣ፣ ቢያቃጥል፣ ዓይን ቢጋረድ፣ የሰው ሳቅ ሳትፈሩ ያኔውኑ ሆስፒታል ሩጡ።

ልጅቷ አሁን መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ ስትሞክር ክሩ በቀዳዳው አጠገብ ያልፋል። ባለፈው እንዲሁ ስትታገል ፀጉር ሠሪዋ ልትጠይቃት መጣች። አዘነች፤ አለቀሰችም። የልጅቷ አፍንጫ ጠባሳ ሳይዝ መዳኑንም ሳታደንቅ አላለፈች። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ፣ «የኔ እናት፣ እኔ እንደወጋሁሽ ለሰው እንዳታወሪ፤ ደንበኛ ይሸሸኛል» አለቻት።

ልጅቷ የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አርሳ እንደገና ሞከረች።

«አታስቢ» አለቻት፤ «ማን እንደወጋኝ በደንብ አላየሁም እላለሁ።»